ጎርፉ ካለፈ በኋላ፦ የአደጋ ጊዜ መጠለያዎች ራሳቸው አደጋ እንዳይሆኑ ምን ያስፈልጋል?

ሄሮን በጂቡቲ ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝ፣ ወደ ባሕሩ ገባ ያለ ሠፈር ነው። ኤምባሲዎችና ቪላ ቤቶች ይታዩበታል። ከዚህ ተነስተው ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ወደ ደቡብ ሲጓዙ የአምቡሊ ወንዝን ያገኛሉ። ወንዝ ይባል እንጂ በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ የሚታየው ደረቅ አሸዋና ጠጠር ነው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የቆርቆሮ ቤቶች የበዙበት፣ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርበት ባልባላ አለ።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ይህ ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ፈሰሰ። ለቀናት በዘለቀው ከባድ ዝናብ፣ በአንድ ቀን ብቻ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ መጣሉን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ (ኦቻ) በወቅቱ አስታውቆ ነበር። እስከ 250,000 የሚደርሱ ሰዎች ተጎድተዋል። የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር 1 ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከሟቾቹ መካከል ሕፃናት ይገኙበታል።

ለጂቡቲ ነዋሪዎች ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የአምቡሊ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን አጥለቅልቋል። ከ2012ቱ የኅዳር ጎርፍ አምስት ወራት በኋላም፣ በሚያዝያ ወር፣ ሌላ ጎርፍ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ጎድቷል።

ቤቱን ውሃ የሞላበት ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዛሬ የት እንደር?» የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው የዘመድ ቤት፣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የእምነት ተቋም አዳራሽ ወይም ድንኳን ይሆናል። ሰው ጣሪያ ሥር ከገባ በኋላ አደጋው እንዳለፈ ይታሰባል። የጤና ባለሙያዎች ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሌላ ቆጠራ እንደሚጀመር ያስጠነቅቃሉ፤ በመጠለያው ውስጥ የሚታመሙና የሚሞቱ ሰዎች ቆጠራ።

ሁለተኛው አደጋ

ይህን ቆጠራ በሕግና በሥርዓት ከሚያከናውኑ አገራት አንዷ ጃፓን ናት። በአገሪቱ ከአደጋው በቀጥታ ከሞቱ ሰዎች በተጨማሪ፣ በኋላ በመጠለያ ሕይወት፣ በድካም ወይም በሕክምና መቋረጥ ምክንያት የሞቱ ሰዎች «ከአደጋው ጋር የተያያዘ ሞት» በሚል ለብቻቸው ይመዘገባሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በሚያዝያ 2016 በኩማሞቶ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በቀጥታ የሞቱት 50 ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በተያያዥ ምክንያት መሞታቸው የተረጋገጠው ግን ከ200 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ አረጋውያን ሲሆኑ፣ ቤት መግባት ፈርተው መኪና ውስጥ ያድሩ ከነበሩት መካከልም ለረጅም ሰዓት ተቀምጠው በመቆየታቸው ምክንያት ደማቸው የረጋባቸው ነበሩ።

ሀብታምና ለአደጋ የተዘጋጀች በምትባለው ጃፓን ይህ ከሆነ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሁኔታው የከፋ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በእኛ አካባቢ ዘገባዎች ጎርፉ የወሰዳቸውን ሰዎች ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በተቅማጥ የሞተው ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት መታረም አለበት። በተፈጥሮ አደጋ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ወረርሽኝ ያስነሳል የሚል ስጋት በብዙ ቦታ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በጉዳት ወይም በመስጠም የሞቱ ሰዎች አስከሬን በአጠቃላይ የወረርሽኝ ምንጭ አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ ሳይለያቸው በጥድፊያ በጅምላ መቅበር አስፈላጊ አይደለም። ወረርሽኝ የሚያስነሳው በሕይወት የተረፉት ሰዎች የሚጠጡት ውሃ፣ የሚጸዳዱበት ቦታና የሚተኙበት መጨናነቅ ነው።

ለአንድ ሰው ስንት ሊትር?

ስፊር በሚል ስም የሚታወቀውና እአአ በ1997 የተጀመረው የሰብዓዊ ዕርዳታ ድርጅቶች የጋራ መመዘኛ፣ በአደጋ ጊዜ ሊሟላ የሚገባውን ዝቅተኛ መጠን በቁጥር ያስቀምጣል። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽህና ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ከመኖሪያው ከ500 ሜትር በላይ መራቅ፣ ወረፋውም ከ30 ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም። አንድ ቧንቧ ከ250 ሰው በላይ እንዲያገለግል አይመከርም።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። 1,000 ሰዎች የተጠለሉበት አንድ ትምህርት ቤት በቀን 15,000 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 750 ጊዜ መሙላት ማለት ነው፤ በየቀኑ። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ቢተከልም በቀን አንዴ ተኩል መሞላት ይኖርበታል። ቧንቧውም ቢያንስ አራት መሆን አለበት።

ጂቡቲ ለዚህ ዓይነቱ ፈተና የተጋለጠች ናት። በቂ የገጸ ምድር ውሃ የላትም። እአአ ከ2017 ጀምሮ ከምትጠቀምባቸው ምንጮች አንዱ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ ተነስቶ 102 ኪሎ ሜትር በቧንቧ የሚጓዝ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጎርፍ በሚመጣበት ጊዜ ከተማዋ በውሃ ተከብባ የሚጠጣ ውሃ ልታጣ ትችላለች። ጎርፉ የመጸዳጃ ጉድጓዶችን አጥቦ ከጉድጓድ ውሃና ከተሰበሩ ቧንቧዎች ጋር ስለሚቀላቅለው፣ ትናንት ንጹሕ የነበረው ምንጭ ዛሬ የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

የኮሌራ ተህዋሲ በጎርፍ አይፈጠርም። ቀድሞ በአካባቢው ካለ ወይም በሰው ከመጣ፣ ጎርፉና መጨናነቁ መንገዱን ያሰፉለታል። ለዚህ በቅርብ የሚገኘው ምሳሌ የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከኤል ኒኞ ጋር የተያያዘው ጎርፍ በደቡብና ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ሲጎዳ፣ በክልሉ ኮሌራ አስቀድሞ ገብቶ ነበር። የተፈናቀሉት ሰዎች ከውሃው ሸሽተው በዚያው የተበከለ ውሃ ላይ ጥገኛ ሆነዋል።

የመጸዳጃ ቤት ቁጥርና ቦታ

በአደጋው የመጀመሪያ ቀናት ለ50 ሰዎች አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ደግሞ ለ20 ሰዎች አንድ መኖር አለበት ይላል ስፊር። ለ1,000 ሰዎች ሲሰላ በመጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 50 መሆኑ ነው። አንድ ተራ ትምህርት ቤት ይህን ያህል መጸዳጃ ቤት የለውም።

ከቁጥሩ እኩል የሚያሳስበው ቦታውና አሠራሩ ነው። መጸዳጃው ከመኝታ ከ50 ሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ ከውሃ ምንጭ ግን ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። ለሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ መጸዳጃ እንዲዘጋጅ፣ የሁለቱም ተለይቶ እንዲሠራ፣ ከውስጥ የሚቆለፍና መብራት ያለው እንዲሆን መመዘኛው ይጠይቃል።

ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። መብራት በሌለበትና በር በማይዘጋበት መጸዳጃ ቤት ሴቶችና ልጃገረዶች ለጥቃት ይጋለጣሉ። ይህን የሚያውቁ ሴቶች ደግሞ ማታ እንዳይወጡ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። በጂቡቲም ሆነ በአፋር ሙቀት ውሃ አለመጠጣት በራሱ ለሕመም ይዳርጋል። የመጠለያ አስተዳዳሪዎች መጸዳጃ ቤቱ የት ይሁን ብለው ሴቶቹን ቀድመው ቢጠይቁ ይህ ችግር በአብዛኛው ሊቀንስ ይችላል።

አንድ ክፍል ስንት ሰው ይይዛል?

በመጠለያ ውስጥ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ያስፈልጋል። ይህ ምግብ ማብሰያውን አይጨምርም። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል በዚህ ስሌት የሚይዘው 16 ሰዎችን ብቻ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን በዚያው ክፍል የበርካታ ቤተሰብ አባላት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ያድራሉ።

በተጨናነቀና አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ በፍጥነት ከሚዛመቱ በሽታዎች ቀዳሚው ኩፍኝ ነው። እአአ በ1991 በፊሊፒንስ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ በመጠለያ ጣቢያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኩፍኝ ተይዘዋል፤ በተለይ ክትባት ባላገኙት የአይታ ማኅበረሰብ ልጆች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ከዚህ በመነሳት የክትባት ሽፋን ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን መከተብ፣ ቫይታሚን ኤ መስጠት ጭምር፣ በመጠለያ መጀመሪያ ሊሠሩ ከሚገባቸው ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በጂቡቲ የደረሰው ጎርፍ ሌላ ፈተና ይዞ ነበር የመጣው። በወቅቱ አገሪቱ ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር በአፍሪካ ከፍተኛ የኮቪድ-19 ተጠቂዎች ከተመዘገቡባቸው አገራት አንዷ ነበረች። ሰዎች «ከቤት አትውጡ» በተባሉበት ወር ውሃው ከቤት አስወጣቸው። ተራርቆ መተኛት የሚቻልበት መጠለያ ቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ በዝናብ መሃል ሊፈጠር እንደማይችል ያ ወር አሳይቷል።

ትንኟ በጀሪካኑ ውስጥ

በጂቡቲና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች የመጠለያ ጤና ሲነሳ ሊዘለል የማይገባ ጉዳይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ናት። መነሻዋ እስያ የሆነችው ይህች ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እአአ በ2012 በጂቡቲ ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕመምተኞች 27 ነበሩ። እአአ በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ደርሷል። ትንኟ በኋላ በኢትዮጵያም የተገኘች ሲሆን እአአ በ2022 በድሬዳዋ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት እንደሆነች ጥናት አረጋግጧል።

ነባሮቹ የአፍሪካ የወባ ትንኞች በአብዛኛው በገጠር፣ በተፈጥሮ ኩሬ ይራባሉ። ይህችኛዋ ግን በከተማ፣ ሰዎች ለመጠጥ ባጠራቀሙት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በርሜል፣ ክዳን የሌለው ሮቶና ባልዲ መራቢያዋ ናቸው። ደንጊና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈውና በቀን የምትናከሰው ኤደስ ትንኝም ባሕርይዋ ተመሳሳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በድሬዳዋ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቺኩንጉንያ መያዛቸው ይታወሳል።

ስለዚህ በመጠለያ ውሃ ማቅረብ ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ክዳን ሊኖረው ይገባል። የውሃ ዕቃዎችን በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ አድርጎ ውስጣቸውን መፈተግ የትንኟን እንቁላልና እጭ ያስወግዳል። አጎበር ጠቃሚ ቢሆንም፣ ሰው ሳይተኛ የምትናከስን ትንኝ ብቻውን አይከላከልም።

ከሰል፣ ሻማና የኤሌክትሪክ ገመድ

ከበሽታ ውጭ ያለው ትልቁ ስጋት እሳት ነው። በድንኳን ውስጥ በሻማ ማብራት፣ ከፕላስቲክ ሸራ አጠገብ ምድጃ ማንደድ፣ ከአንድ ሶኬት በርካታ ገመድ መቀጠል በየመጠለያው የሚታይ ነው። መመዘኛው በድንኳኖች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ በየ300 ሜትሩ ደግሞ 30 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ቦታ እንዲተው ያዛል። ይህ ክፍተት አንድ ድንኳን ሲቃጠል እሳቱ ወደ ሌላው እንዳይዘልል ነው።

ድምፅ የሌለው ገዳይ ደግሞ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። በደጋው ብርድ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ለመሞቅ ከሰል ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል አስገብተው ሲተኙ ሳይነቁ ሊቀሩ ይችላሉ። ከሰሉ ጭሱ ስላለቀና ፍም ስለሆነ ብቻ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ጄኔሬተርም ከመኝታ ክፍልና ከመስኮት ርቆ በውጭ መቀመጥ አለበት።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. በአፋር አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢዎች በተደጋጋሚ በደረሰው መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጥተዋል። እዚያ የተሰነጠቀ ትምህርት ቤት መጠለያ ሊሆን አይችልም፤ ሰው ወደ ሜዳ መውጣት ነበረበት። በሜዳ ላይ ደግሞ ጥላ፣ ውሃና የሕክምና ጣቢያ ከባዶ ይጀመራል።

በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15/2016 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንሸራተት ሌላውን ትምህርት ይዟል። ከ200 በላይ ሰዎች ከሞቱበት ከዚህ አደጋ ሰለባዎች ብዙዎቹ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡና በሁለተኛው ናዳ የተያዙ ነበሩ። መጠለያም ሆነ የነፍስ አድን ሥራ የሚካሄድበት ቦታ ከመመረጡ በፊት፣ መሬቱ ራሱ ደግሞ እንደማይናድ ወይም እንደማይጥለቀለቅ መታየት አለበት።

በር ላይ የሚቀሩት

መመዘኛዎች ሁሉ በ«አንድ ሰው» ይሰላሉ፤ ሁሉም ሰው ግን ወደ መጠለያው እኩል አይደርስም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ደረጃ ባለው ሕንጻ አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ጎርፍ ከወሰደበት በቀናት ውስጥ ምትክ ማግኘት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት ምጧ መጠለያው እስኪደራጅ አይጠብቅም።

በጂቡቲ ከእነዚህ ጎን የሚነሱት ፍልሰተኞች ናቸው። በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር በጂቡቲ በኩል ያልፋሉ። ብዙዎቹ ሰነድ የላቸውም፤ የሚተኙትም በመንገድ ዳር፣ በግራር ጥላ ወይም በደረቅ ወንዝ ዳርቻ ነው። ማስጠንቀቂያው በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ሲነገር አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ወጣት ላይሰማው ይችላል። ቢሰማ እንኳን መታሰርን ስለሚፈራ ወደ መጠለያ ላይቀርብ ይችላል።

የሰብዓዊ ዕርዳታ መርህ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ዕርዳታ በችግር መጠን እንጂ በዜግነት ወይም በመታወቂያ አይሰጥም። የጤናው ስሌትም ያንኑ ይላል። ከመጠለያው ውጭ የቀረ ታማሚ ውሃ የሚቀዳው በመጠለያው ውስጥ ካሉት ጋር ከአንድ ምንጭ ነው።

ትምህርት ቤት መጠለያ ሲሆን

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ 10,000 ገደማ ሰዎች ቤት አልባ ሆነዋል። ጎርፉ የመጣው ክረምት ላይ፣ ትምህርት በተዘጋበት ወቅት ነበር። ነገር ግን መስከረም ከመጥባቱ በፊት የቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

በየአካባቢው መጀመሪያ የሚከፈተው ትምህርት ቤት የሆነው ግድግዳ፣ ጣሪያና ግቢ ስላለው ነው። ችግሩ የመውጫው ቀን አለመታወቁ ነው። ተፈናቃዮች ሲቆዩ ተማሪዎች ይስተጓጎላሉ፤ ትምህርት ሲጀመር ተፈናቃዮች ሌላ ቦታ ሳይዘጋጅላቸው እንዲወጡ ይገደዳሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች ሁለት ነገር ይመክራሉ። አንደኛ፣ በየከተማው የትኛው ሕንጻ መጠለያ እንደሚሆን ቀድሞ መለየትና ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ መወጣጫውን በደረቁ ወራት ማስተካከል። ሁለተኛ፣ ሰዎች በገቡ ማግስት የሚወጡበትን ዕቅድ መጀመር።

በመጠለያ ያለ ቤተሰብ ራሱ ምን ማድረግ ይችላል?

ብዙው ኃላፊነት የመንግሥትና የዕርዳታ ድርጅቶች ቢሆንም፣ ቤተሰቦች በእጃቸው ያሉ እርምጃዎች አሉ።

ውሃ፦ የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ እንዲጠል ማድረግና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያ ማፍላት ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ መጨመር። የደፈረሰ ውሃ ላይ በቀጥታ የተጨመረ ክሎሪን በሚገባ አይሠራም።

እጅ፦ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና መታጠብ። ሳሙና ከሌለ አመድ ይረዳል።

ተቅማጥ፦ የያዘው ሰው ወዲያውኑ ኦአርኤስ ይጀምር። ኦአርኤስ ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል። ሕፃን ጡት መጥባቱን አያቋርጥ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከደከመ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ሰነድና መድኃኒት፦ በዝናብ ወቅት የክትባት ካርድ፣ መታወቂያና የአንድ ሳምንት መድኃኒት ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ።

ልጆች፦ በመጠለያ ግርግር መጥፋት ቀላል ስለሆነ ልጆች ሙሉ ስማቸውንና የወላጅ ስልክ ቁጥር እንዲያውቁ ማድረግ፤ ትንንሾቹ በልብሳቸው ውስጥ ጽሑፍ ቢያዝላቸው ይረዳል።

የአምቡሊ ወንዝ ዛሬም በአብዛኛው የዓመቱ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ደቻቱም እንዲሁ። ለ1,000 ሰዎች የሚበቃ ውሃ፣ 20 መጸዳጃ ቤትና አራት ቧንቧ በአንድ ሌሊት፣ በጎርፍ መሃል ሊገኝ አይችልም። ሥራው ሊሠራ የሚችለው ወንዙ ደረቅ በሆነበት ጊዜ ነው።